ሁለት አውራ ዶሮ በናዳው ላይ

ነገሩ የተበላሸው ሁለት ቤተሰብ ሁለት አውራ ዶሮ ይዞ፣ በአንድ ቀን፣ ወደ አንድ የበረዶ ናዳ ስለወጣ ነው። አንዱ ቤተሰብ ከላምጃሪ ተነሣ፤ ሌላው ከተራራው ማዶ፣ ከትቪብራ። ሁለቱም የዚያኛው ወገን ዛሬ አይመጣም ብለው ነበር።

ከላምጃሪ የተነሡት ፒክሪያና የእናቷ ወንድም ሙርዛቃን ናቸው። ጎህ ሲቀድ ከድንጋዩ ግንብ ሥር የበረዶ መሄጃ ስኪያቸውን እግራቸው ላይ አሰሩ። ሽቅብ ሲወጡ ወደ ኋላ እንዳያንሸራትታቸው ከስኪው ሆድ ላይ ፀጉራም ቆዳ ለጥፈዋል። ሙርዛቃን ባለ ሦስት አውታሩን መሰንቆ፣ ቹኒሪውን፣ ከነደጋኑ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አዝሏል። ፒክሪያ ያዘለችው ዶሮውን ነው፤ ቅርጫት ውስጥ፣ በሞተው ወንድሟ ሹራብ ተጠቅልሎ፣ አንገቱን ብቻ አውጥቶ።

እኛ ዘንድ ናዳ የበላው ሰው ነፍስ ከሞተበት አትነሣም። ሥጋው ወርዶ ቢቀበርም እሷ እዚያው በረዶው ላይ ቁጭ ትላለች። በበረዶ ወራት ዘመዱ ሄዶ ቹኒሪ ይመታል፣ በስሙ ይጠራዋል። ዶሮው ከጮኸ ነፍስ ገባችበት ማለት ነው፤ የሚቀረው ዶሮውን ወደ ቤት ማውረድ ነው።

የፒክሪያ ወንድም ቤካንና የትቪብራው ጆኪያ ባለፈው መጋቢት አብረው ወጥተው አብረው ሞቱ። በረዶው ሲቀልጥ ሬሳቸው ተገኘ፤ በየመንደራቸው ተቀበሩ። ሁለቱ ቤተሰቦችም «የእናንተ ልጅ ነው ወደዚያ የመራው» ተባብለው ተቆራረጡ። የመጀመሪያው በረዶ ከወረደ ጀምሮ የፒክሪያ እናት ላማራ «ልጄ ብቻውን ነው» እያለች ወደ ናዳው ትወጣለች። ሁለት ጊዜ በበሬ በሚጎተት መንሸራተቻ ጭነው መለሷት። በሁለተኛው ሐኪሙ ሁለት የእግር ጣቶቿን ቆረጠ።

ዛሬ የጥምቀት ዋዜማ ነው፤ ሙታን ሁሉ ወደየቤታቸው ገብተው የሚበሉበት ማምሻ። ሳምንቱን ሙሉ ሲነፍስ ከርሞ ገና ዛሬ ጋብ ማለቱ ነው። ቤካን ዛሬ ቤቱ ካልገባ ነገ እናቱ ወደ እሱ ትወጣለች፤ ሦስተኛ ጊዜ ከወጣች ደግሞ በሕይወት አትወርድም።

ፒክሪያ ትብሊሲ የድልድይ ምሕንድስና ተምራለች። በነፍስ አታምንም። በእናቷ እግር ግን ታምናለች፤ የቀሩት ጣቶች እንዲተርፉ ዶሮ መሸከም ካለባት ትሸከማለች።

«ዶሮው ዝም አለ» አለ ሙርዛቃን፣ የመጨረሻውን አጥር እንዳለፉ።

«ምን ያውራ?»

«ዶሮ በጠዋት ዝም ሲል ደስ አይልም።»

«ዝም ያለው በአፉ ብቻ ነው፣ አጎቴ። በጥፍሩ ጀርባዬን ሲያርስ ነው የመጣው።»

ጥዶቹ ውስጥ በረዶው ጉልበት ይውጣል። ፒክሪያ ከፊት ሆና መንገድ ከፈተች፤ ስኪዋን ትገፋለች፣ ትረግጣለች፣ ትገፋለች። ከዛፎቹ ሲወጡ ነፋሱ ተቀበላቸው። የላላ በረዶ ከመሬት እያነሣ ፊታቸው ላይ ይበትናል። ሰማይና ምድር አንድ ቀለም ሆኑ፤ ፒክሪያ የስኪዋን ጫፍ ማየት አቃታት። አንድ ቦታ ላይ ከበረዶው ሆድ ውስጥ «ድም» የሚል ድምፅ ወጣ፤ ሰፊ ቦታ ከእግራቸው በታች ጥቂት ሰመጠና ቆመ።

«ተራርቀን እንሂድ» አለች። «እኔ ተሻግሬ ሳልቆም እንዳይነሡ። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰው አይቆምም።»

«ከማን የተማርሽውን ነው ለእኔ የምታስተምሪኝ?»

«ከእርስዎ።»

«እንግዲያው ጎበዝ ተማሪ ነሽ። ሂጂ።»

ነፋሱ ለአፍታ ጋብ ሲል ፊት ለፊቷ ዱካ አየች። አዲስ የስኪ ዱካ ነው፤ ወደ ላይ የሚሄድ፣ ከየት እንደተነሣ የማይታወቅ። በግራው በኩል በረዶውን የሚጭር ቀጭን መስመር አብሮት ይሄዳል።

ቤካን በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ግራ ትከሻው ተሰብሮ ነበር። ግራ ዱላውን አንሥቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ይጎትተዋል። የላምጃሪ ሰው ሁሉ ዱካውን ከሩቅ ይለየው ነበር።

ሙርዛቃን ከኋላ ደረሰና ቆመ። ተራርቀን እንሂድ የተባለውን ረሳ።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«የማን ይመስልሻል?»

«የሰው። መንገድ ተከፍቶልናል፣ እንጠቀምበት።»

በዱካው ላይ ወጡ። መንገዱ ብልህ ነው፤ ነፋስ በረዶ የጫነበትን ቁልቁለት ሁሉ እየሸሸ ድንጋይ ድንጋዩን ይሄዳል። ፒክሪያ ራሷ ብትመርጥ እንዲህ ነበር የምትመርጠው። ይህን ማሰቧ አናደዳትና ፈጠነች።

ከጎድጓዳው ሜዳ ላይ ሦስት ተኩላዎች ተከተሏቸው። በመጀመሪያ ግራጫ ድንጋይ መስለዋት ነበር፤ ድንጋዮቹ ግን እነሱ ሲሄዱ ይሄዳሉ፣ ሲቆሙ ይቆማሉ። የዶሮ ሽታ ነው የሳባቸው። ትልቁ ዞሮ ቀደማቸውና ዱካው መሐል ቁጭ አለ። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ዶሮው ቅርጫቱ ውስጥ ተንዘፈዘፈ።

ፒክሪያ አካፋዋን ከቦርሳዋ መዘዘች። ሙርዛቃን ዱላውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ወደ ተኩላው ሄደ።

«ተነሣ! ውሻ የውሻ ልጅ! ይኼ ዶሮ ላንተ አይደለም፣ ቀጠሮ አለው። የሰው መንገድ ላይ የሚቀመጥ የአማች ጠባይ ከየት አመጣህ?»

ተኩላው ጥርሱን አሳየ። ፒክሪያ ከጎን መጥታ አካፋውን በስኪዋ ብረት ላይ ደጋግማ መታችው። ድምፁ ከገደሉ ተጋጭቶ ተመለሰ። ተኩላው ዘሎ ወጣና ከሌሎቹ ጋር ተደባለቀ፤ ግን አልሄዱም። እስከ ናዳው ጠርዝ ድረስ ጎን ለጎን መጡ። ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ሦስቱም ቆሙ። አንዱ እግሩን አሳርፎ መልሶ አነሣው። ከዚያ ጅራታቸውን አጥፈው በመጡበት ሮጡ።

«ለምን አልገቡም?» አለ ሙርዛቃን።

«ጠግበው ይሆናል።»

«ጎድኑን አላየሽም?»

ፒክሪያ ቀድማ ወደ ናዳው ገባች።

ናዳው የወረደበት ሸለቆ ወደ ትቪብራ ከሚያሻግረው የተራራ በር ሥር ነው። አዲስ በረዶ ከላይ እስከ ታች ሸፍኖታል፤ ምልክቱ ፈላጊዎች የተከሉት፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት ብቻ ነው። እንጨቱ ሥር ሁለት ሰው ቆሟል። አንዱ የጆኪያ አባት ጃንሱግ ነው፤ ሰፊ፣ ጢሙ ላይ በረዶ የተጋገረበት። ሌላው ታናሹ ልጁ ዛውር፤ ቹኒሪ ይዟል፣ ትከሻው ላይ ጠመንጃ አንግቷል። ጃንሱግ ብብት ውስጥ ካለው ከረጢት ቀይ አውራ ዶሮ አንገቱን አውጥቷል።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከእግር እስከ ራስ ተያዩ።

«ሙርዛቃን» አለ ጃንሱግ በመጨረሻ። «አሁንም ያችን ቹኒሪ እንደ ተረገጠች ድመት ነው የምታስጮኻት?»

«ስትሰማት የምታለቅሰው አንተ አይደለህም እንዴ? የልጅህ ሠርግ ላይ አልቅሰሃል።»

«ለጆሮዬ አዝኜ ነው።»

ፒክሪያ ወደ ዛውር ዞረች። «መንገድ የከፈታችሁልን እናንተ ናችሁ?»

«የቱን መንገድ?»

«ከዛፎቹ በላይ ጀምሮ ያለውን።»

«እኛ ከላይ ነው የወረድነው፣ በበሩ በኩል። ከዚህ በታች አልረገጥንም።»

ወደ በሩ አየች፤ የሁለት ሰው መውረጃ ዱካ ከዚያ መጥቶ እንጨቱ ጋ ያበቃል። ወደ ታች አየች። ነፋሱ ሁሉንም ደልድሎታል።

ማን መጀመሪያ ይጥራ የሚለው ላይ መስማማት አልቻሉም። ሙርዛቃን «በዕድሜ እበልጣለሁ» አለ፤ ጃንሱግ «ቀድሜ ደርሻለሁ» አለ። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጀመሩ። ሁለት ቹኒሪ በሁለት ዜማ አለቀሰ። ሙርዛቃን «ቤካን፣ ና፣ ቤትህ ግባ» ይላል፤ ጃንሱግ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጆኪያ፣ አባትህ ነኝ» ይላል። ፒክሪያ ቅርጫቱን ከፍታ ዶሮዋን በረዶው ላይ አቆመችው። ዶሮው አንድ እግሩን አጥፎ ዝም አለ። ስታስበው የነበረው ይህ ብቻ ነው፦ ዝም ካለ ለእናቴ ምን እላለሁ?

ያኔ የጃንሱግ ዶሮ ጮኸ።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ረዥም። ቹኒሪዎቹ ቆሙ። ጃንሱግ ከረጢቱን ደረቱ ላይ አጣበቀ፣ ፊቱ ተለዋወጠ። «መጣ» አለ። «ልጄ መጣ።»

«ያንተ አይደለም» አለ ሙርዛቃን። «እኔ ቤካን ስል ነው የጮኸው። አፌ ውስጥ ያለው ስም ቤካን ነበር።»

«ዶሮው የእኔ ነው።»

«ዶሮው ያንተ ነው፣ የገባበት የእኔ ነው። ስጠኝ።»

«ሙርዛቃን፣ እጅህን አንሣ።»

«ባለፈው ልጁን፣ ዛሬ ነፍሱን ልትወስድብን ነው?»

ሙርዛቃን ከረጢቱን ያዘ። ጃንሱግ ጎተተ። ዛውር ቹኒሪውን ጥሎ መሐላቸው ገባ፣ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ፒክሪያም ዶሮዋን ቅርጫት ውስጥ ወርውራ አጎቷን ከወገቡ ልትስብ ሮጠች። እዚያ ስትደርስ ነው የገባት፤ አራት ሰው አንድ ቦታ ላይ፣ ሳምንት ሙሉ ነፋስ የጫነው በረዶ ላይ ቆሟል።

«ተበተኑ» አለች። «አሁኑኑ።»

ከሥራቸው «ድም» አለ። ከበላያቸው ጥቁር ስንጥቅ እንደ ክር ተዘረጋ። ከዚያ መሬቱ ሄደ።

ፒክሪያ በጎኗ ወደቀች፣ ዋኘች፣ አፏን በክንዷ ሸፈነች። ሲቆም ወገቧ ድረስ ተቀብራ ነበር። ሙርዛቃን ከታች እየተሳደበ ነው፤ ስድቡን በመስማቷ ደስ አላት። ጃንሱግ በእንብርክኩ ነው። ዛውር የለም።

ራሷን ቆፍራ ወጣችና በናዳ የተቀበረን ሰው የሚጠቁመውን መፈለጊያ ከደረቷ አወጣች። ዛውር ደረቱ ላይ ያሰረው ተመሳሳይ መፈለጊያ ከበረዶው ሥር ምልክት ይልክ ነበር፤ የርቀቱ ቁጥር እየወረደ፣ ድምፁ እየፈጠነ መራት። ከቦርሳዋ ቀጭን መፈተሻ ዘንግ አውጥታ በረዶው ውስጥ ሰካች፤ ድንጋይ ያልሆነ ነገር ነካ። «እዚህ» አለች። «ከላዩ እንዳትቆሙ፣ ከጎን ቆፍሩ።» እሷና ሙርዛቃን በአካፋ፣ ጃንሱግ በእጁ ቆፈሩ። ጃንሱግ የሚጠራው ዛውርን አይደለም። «ጆኪያ፣ ጆኪያ» ይል ነበር። ማንም አላረመውም።

መጀመሪያ የተገኘው እጅ ነው። ወደ ላይ ተዘርግቷል፣ ጓንቱ ወልቋል፣ ጣቶቹ የሆነ ነገር እንደጨበጡ ተጣጥፈዋል። ከዚያ ፊቱ ወጣ፤ ሰማያዊ ሆኗል። ፒክሪያ ከአፉ በረዶውን ጠረገች። ሳል መጣ፣ ከሳሉ ጋር ትንፋሽ።

«ማነው እጄን የያዘኝ?» አለ ዛውር።

«አሁን ደረስንልህ» አለችው።

«ቅድም። ታች ሳለሁ። ወደ ላይ ይስበኝ ነበር።»

ሙርዛቃን አማተበ። ፒክሪያ የወለቀውን ጓንት ፈለገች፣ አጣችው፣ የራሷን አውልቃ አለበሰችው።

ዶሮዎቹን ያስታወሱት ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ከረጢቱ አጠገብ አንገቱ ተቆልምሞ ሞቷል። ሌላው ከበረዶው ክምር ላይ ክንፉን እያራገፈ ቆሟል። ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ሙርዛቃን ዓይኑ በበረዶ ብርሃን ተቃጥሎ እንባ ብቻ ነው የሚያየው። ፒክሪያ ግን አየች። የቆመው ዶሮ አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጫፉ በአምናው ውርጭ ጠቁሯል። የእናቷ ዶሮ ነው። ያልጮኸው።

ጃንሱግ የሞተውን አንሥቶ ላባውን በአውራ ጣቱ አስተካከለ። የገዛ ዶሮውን የማያውቅ ሰው አይደለም። ቀና ብሎ አያት።

«የሞተው የእናንተ ነው» አለ።

ፒክሪያ ለመመለስ ጊዜ አልፈጀባትም። እውነቱን ብትናገር እጇ ላይ የሚቀረው ዝም ያለ ዶሮ ነው፤ ለጃንሱግም የሚቀረው የሞተ ዶሮ። ቤቱ ውስጥ እሱንም የምትጠብቅ ሚስት አለች።

«አዎ» አለች። «የእኛ ሞተ። የእርስዎ ተረፈ። የጮኸው ሁለቱም ስም ሲጠራ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም እሱ ውስጥ ናቸው። ዛውር በሩን ዳግም መውጣት አይችልም፤ ወደ እኛ መውረዳችሁ የግድ ነው። ዛሬ ማታ ዶሮው እኛ ቤት ይገባል፣ ነገ እናንተ ጋ።»

«ሁለት ነፍስ በአንድ ዶሮ ተሰምቶ አይታወቅም» አለ ሙርዛቃን።

«ሁለት ሰው በአንድ ናዳ ገብተው የለ?»

ጃንሱግ የሞተውን ዶሮ በረዶው ውስጥ ቀበረ። «እናትሽ እኔን ታስገባኛለች?»

«እርስዎን ላታስገባ ትችላለች። ዶሮውን ታስገባለች። ተጠግተው ይግቡ።»

ነፍስ ይዞ የሚወርድ ሰው ወደ ኋላ አያይም። በየወንዙና በየድልድዩ ደግሞ ለነፍሱ መንገር አለበት፤ አለዚያ እዚያው ትቀራለች። ይህን የሚያደርገው ሙርዛቃን ነበር፤ ግን ከጩኸቱ ብዛት ድምፁ ተዘግቷል፣ ቹኒሪውም ናዳው ሥር ቀርቷል። ጃንሱግ ልጁን ደግፏል። ስለዚህ ዶሮውን አዝላ ፊት የወጣችው ፒክሪያ ናት።

ቆዳውን ከስኪያቸው ልጠው ወረዱ። ነፋሱ ቆሟል። መጀመሪያው ጅረት ላይ ስትደርስ ዝም ብላ ልታልፍ ነበር። ከኋላ ሙርዛቃን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቤካን» አለች፣ ለመሥሪያ ቤት ባልደረባ እንደሚነገር። «ወንዝ ነው። ተሻገር።» ትንሽ ቆየችና ጨመረች፣ «ጆኪያ፣ አንተም።»

ከኋላዋ የሦስት ሰው ስኪ ይሰማታል፤ የዛውር የሚንገዳገድ፣ የጃንሱግ ከባድ፣ የአጎቷ አጭር አጭር። ከጎድጓዳው ሜዳ በታች ሌላ ድምፅ ተጨመረ። በግራ በኩል፣ በረዶውን የሚጭር ዱላ። ዛውር ዱላዎቹን ናዳው ወስዶበታል። ጃንሱግ በአንድ እጁ ልጁን፣ በአንድ እጁ ዱላውን ይዟል፣ እሱም በቀኝ ነው። አጎቷ ዱላ ጎትቶ አያውቅም።

ፒክሪያ ነገርን ሳታረጋግጥ የምትተው ሰው አይደለችም። ድልድይ ስትፈትሽ ብሎኑን አንድ በአንድ በእጇ ትነካለች። አንገቷ ሊዞር ፈለገ።

አልዞረችም። «ቤካን፣ ቁልቁለት ነው» አለች። «ከድንጋዩ ራቅ።» ያን ጊዜ ድምፅዋ የባልደረባ ድምፅ አልነበረም።

ላምጃሪ ሲደርሱ ጀንበር ግንቦቹን ለቃለች። ላማራ ደጅ ላይ ቆማለች፣ ወፍራም ጫማዋን አጥልቃ፣ ምርኩዟን ይዛ። ጃንሱግን አየች።

«እሱ እዚህ ምን ሊሠራ መጣ?»

«ዶሮው የእሱ ነው፣ እማ» አለች ፒክሪያ። «የእኛ ሞተ። ቤካንና ጆኪያ አንድ ላይ ገብተውበታል።»

ላማራ ዶሮውን ተቀብላ ሹራቡን ገለጠች። ከእንቁላል ጀምሮ ያሳደገችው ዶሮ ነው። የጠቆረውን ጫፍ በጣቷ ነካች። ጃንሱግ መሬት መሬት አየ።

«ይኼ ዶሮ ጮኸ?» አለች ላማራ።

«ጮኸ» አለች ፒክሪያ።

እናቷ ረዥም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወደ ጃንሱግ ዞረች።

«ልጅህን አስገባው» አለችው። «በርዶታል።»

የቱን ልጅ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ገቡ። ላማራ ወደ ናዳው የምትወጣበትን ምርኩዟን ለሁለት ሰብራ ምድጃው ውስጥ ጨመረችው። ዛውርን እሳቱ ዳር አስቀመጡት፣ አረቄ ሰጡት፣ እግሩን አሹለት።

«ሚስትህ አልቅሳ ታውቃለች?» አለች ላማራ።

«አታለቅስም» አለ ጃንሱግ። «ግድግዳ ታያለች።»

«ነገ በመኪና መንገድ አብሬያችሁ እመጣለሁ። ዶሮውን እኔ እሰጣታለሁ።»

ማዕዱ ተሰናዳ፤ ሥጋ የተሞላ ዳቦ፣ አይብ፣ ባቄላ፣ አረቄ። ላማራ ሙታኑን በየስማቸው ጠራች፤ አያቶቹን፣ ባሏን፣ ቤካንን። ከቤካን ጎን አንድ ሳህን ጨመረችና «ጆኪያ» አለች። ጃንሱግ ፊቱን በቆቡ ሸፈነ። ከዚያ እንደ ደንቡ ሁሉም ለሙታኑ እንግዶች ክፍሉን ለቀው ወጡ።

ፒክሪያ ኋላ ቀረች። ዶሮው አግዳሚው ላይ ተኝቷል። ሻማው አይወዛወዝም። አግዳሚው ባዶ ነው፣ ሳህኖቹ ሙሉ ናቸው፣ የሚሰማ ነገር የለም።

ነፍስ የለችም በማለቷ ትክክል ከሆነች ውሸቱ ማንንም አልጎዳም። ከተሳሳተች ደግሞ፣ ወንድሟ ወይ እዚህ ነው፣ ወይ አሁን ከቀይዋ ጨርቅ ሥር ቁጭ ብሎ ለምን ጥለውት እንደሄዱ እያሰበ ነው። የትኛው እንደሆነ የምትፈትሽበት መንገድ የላትም።

«ካለህ ብላ» አለች ቀስ ብላ። «ከሌለህ በመጋቢት እመጣለሁ፤ ብቻዬን። ለእማ እንዳትነግራት።»

ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ወጣችና በሩን ዘጋችው።